ድሪቶን በልክ መሥራት

ለጀማሪዎች የሚሆን የቤት ውስጥ ስፌት ትምህርት



በየቤታችን፣ ከአልጋ ሥር ወይም በሣጥን ውስጥ፣ ሊለብሱት የማይቻል ሊጥሉትም የሚያሳዝን ልብስ አይጠፋም። ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ፣ ክርኑ የተበሳ ሸሚዝ፣ ለታናሽ ወንድም እንኳ ያጠረ የደንብ ልብስ፣ ጫፉ የተተለተለ የጠረጴዛ ልብስ፣ እነዚህ ሁሉ ተጠቅልለው ከዓመት ዓመት ይቀመጣሉ። አንዳንዱ የወለል መወልወያ ይሆናል፤ የቀረው ግን ያለ ጥቅም አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ከእነዚህ ቁርጥራጮች የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ነው። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የሠራሁትም አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ብቻ የሠራ ሰው የት የት ላይ እንደተሳሳተ ገና አልረሳምና፣ ለጀማሪ ጓደኞቼ በዚህ በኩል እጠቅም ይሆናል ብዬ ተነሣሁ።

ሥራው ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ ኲልት የሚባለው ብርድ ልብስ ሦስት ንጣፍ አለው። ላዩ ከቁራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ ነው፤ መካከሉ ሙቀት የሚይዝ ጥጥ ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ነው፤ ታቹ ደግሞ ገበር ነው። ሦስቱም እንዳይንሸራተቱ ከላይ እስከ ታች በሚዘልቅ ስፌት ይያያዛሉ። በፊዚክስ ትምህርት እንደተማርነው፣ በጥጡ መካከል ተይዞ የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ከሰውነታችን የሚወጣውን ሙቀት ያቆይልናል። ስፌቱም ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ እንዳይጓጉል ይጠብቀዋል።

በአማርኛችን ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ቃል ድሪቶ ነው። ደረተ ማለት ቁራጭን ከቁራጭ አያይዞ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ሰፋ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ መልካም ስም የለውም። ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተጻፈ ድርሰት እንኳ ድሪቶ እየተባለ ይነቀፋል። እኔም ሥራውን ስጀምር የገጠመኝ የመጀመሪያው እንቅፋት መርፌው ወይም መቀሱ ሳይሆን ይኸው ቃል ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ነፍሰ ጡር ነበረችና ለምትወልደው ልጅ በእጄ የሠራሁትን ነገር ልወስድላት አሰብሁ። አሮጌ ልብሶችን ሰብስቤ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ስበትን አያቴ ገቡና «ምን ልታደርጊበት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አሳቤን በነገርኋቸው ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «ለአራስ ጥየቃ ድሪቶ ይዘን ልንሄድ ነው? ሰው ምን ይለናል?» አሉ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በልጅነታቸው በደጋ አገር ሲያድጉ ከድሪቶ በቀር የሌሊት ልብስ እንዳልነበራቸው፣ እናታቸው በየዓመቱ በላዩ ላይ እየጣፉ ክብደቱ እንደ ድንጋይ ሆኖ እንደነበረና እንግዳ ሲመጣ ከመደቡ ላይ አንሥተው ይደብቁት እንደነበረ ነገሩኝ። «እኔ ከዚያ የወጣሁት ልጆቼ እንዳይመለሱበት ነው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

እኔም ሥራውን ለአንድ ሳምንት ተውሁት።

ሌሎች ሰዎች ምን አደረጉ?

በዚያ ሳምንት ውስጥ ስለዚህ ሥራ ማንበብ ጀመርሁ። አሮጌ ጨርቅን ደራርቦ መስፋት የእኛ አገር ድኻ ብቻ የሚያውቀው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው በጥቃቅን ስፌት እያያያዙ ካንታ የሚባለውን ልብስ ይሠራሉ። በጃፓንም ብርዳማ በሆነው በሰሜኑ ክፍል ገበሬዎች የጣፉት ልብስ ቦሮ ተብሎ ዛሬ በሙዚየም ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን በአሜሪካ አገር በአላባማ የሚገኘው የጂስ ቤንድ መንደር ታሪክ ነው። መንደሩ የአላባማ ወንዝ ዞሮ በሚታጠፍበት ስፍራ የተቀመጠ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ነዋሪዎች በባርነት ዘመን በዚያው በጥጥ እርሻ ላይ ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ዘሮች ናቸው። የብዙዎቹ የቤተሰብ ስም ፔትዌይ መሆኑም ከእርሻው ባለቤት የቀረ ነው። ሴቶቹ ለብርድ መከላከያ ያገኙት ጨርቅ በእርሻ ላይ ያለቀ የሥራ ልብስ ስለ ነበረ ከእርሱው ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. ባሏ በሞተባት ጊዜ፣ የሥራ ልብሶቹን ቀዳ በልጇ በአርሎንዚያ ረዳትነት አንድ ብርድ ልብስ ሠራችባቸው። በ1966 የአካባቢው ሴቶች ፍሪደም ኲልቲንግ ቢ የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ሥራቸውን መሸጥ ጀመሩ። በ2002 የጂስ ቤንድ ብርድ ልብሶች በሂውስተን ከተማ በሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቅለው ታዩ፤ በዚያው ዓመትም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ታዩ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የ10ሩን ሥዕል በቴምብር ላይ አወጣ።

ይህን ሁሉ ለአያቴ አነበብሁላቸው። ስለ ሟቹ ባል ልብስ ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ ስፌቷ ጥሩ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ የትምህርቴ ሁሉ መጀመሪያ ሆነ። ድሪቶን የሚያሳፍረው ጨርቁ ማርጀቱ አይደለም፤ ያለ ልክና ያለ ጥንቃቄ መሰፋቱ ነው። እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

ለሥራው የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ለትልቅ አልጋ የሚሆን ልብስ አይጀምር። ትልቅ ሥራ የጀመረ ጀማሪ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ይሰለቻል። እኔ የመረጥሁት ወርዱ 82 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 102 ሴንቲ ሜትር የሆነ የልጅ ልብስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፤

1ኛ/ በአራት ማዕዘን የሚቆረጥ ቁራጭ ጨርቅ፣ በቁጥር 80፤
2ኛ/ ለገበር የሚሆን አቡጀዲ፣ 92 በ112 ሴንቲ ሜትር፤
3ኛ/ ለመካከሉ ስስ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ፣ እንደ ገበሩ ስፋት፤
4ኛ/ ለጠርዙ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅዳጅ፣ ተቀጣጥሎ 4 ሜትር የሚሞላ፤
5ኛ/ ስል መቀስ፣ መርፌ፣ ጠንካራ የጥጥ ክር፣ ስፒል፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ካርቶንና ካውያ።

የስፌት መኪና ያለው ሰው በመኪና ቢሰፋ ሥራው ይፈጥንለታል፤ የሌለውም በእጁ ሊጨርሰው ይችላል። የእኔ ሁሉም በእጅ የተሰፋ ነው።

የጨርቁ ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። ለጀማሪ የሚስማማው ከጥጥ የተሠራና ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ ጨርቅ ነው። ወፍራም ካኪ ከስስ ሸሚዝ ጋር ቢሰፋ ወፍራሙ ስሱን ይስበውና በመጋጠሚያው ላይ ይቀደዳል። ሹራብና ሲስቡት የሚለጠጥ ጨርቅም ልኩን አይጠብቅምና ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም። ሁሉንም ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት አጥቦ፣ አድርቆ መተኮስ ያስፈልጋል፤ የሚሸበሸበው ጨርቅ አስቀድሞ ይሸብሸብ፤ ቀለሙን የሚለቅም አስቀድሞ ይልቀቅ። እኔ ይህን ንቄ አንድ አዲስ ቀይ ጨርቅ ሳላጥብ ቆርጬ ነበር። ሰፍቼ ካገጣጠምሁ በኋላ ውኃ ሲነካው ቀለሙ በአጠገቡ ወዳሉት ነጫጭ ጨርቆች ፈሰሰ፤ 6 ቁራጮችን ፈትቼ እንደገና መተካት ግድ ሆነብኝ። ጠንቃቃ ሰው ቀለም ያለውን ጨርቅ በለብ ባለ ውኃ አርጥቦ በነጭ ጨርቅ ያሸዋል፤ ነጩ ከቀላ ደጋግሞ ያጥበዋል፤ አልጠራ ካለም ይተወዋል።

አቆራረጥ

አሮጌ ልብስ ሲቆረጥ መጀመሪያ ስፌቱ ይፈታል፤ ኪሱና ቁልፉ ይነሣል፤ ያለቀው ጉልበትና ክርንም ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው ደህና ክፍል ብቻ ተተኩሶ ይዘረጋል።

ከዚያ በኋላ ከካርቶን ላይ በየጎኑ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይቆረጣል። ይህ መለኪያችን ነው። ከ12ቱ ውስጥ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር በስፌት ስለሚገባ በላይ የሚታየው 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ካርቶኑን በጨርቁ ጀርባ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ማስመር ነው። የካርቶኑ ጎን ከጨርቁ ድር ወይም ከማጉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ጎኑ ይለጠጣልና አራት ማዕዘኑ ይጣመማል። ይህን ለማወቅ ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ መሳብ ይበቃል፤ በድሩ በኩል ይጠነክራል፤ በሰያፉ በኩል ግን ይለጠጣል።

«አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በተለይ አንዱን ቁራጭ በሌላው እየለኩ መቁረጥ አይገባም፤ የእርሳሱ መስመር ውፍረት እየተጨመረበት ሃያኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሁልጊዜ የሚለካው በካርቶኑ ብቻ ነው።

80ው ከተቆረጠ በኋላ 40 ደማቅና 40 ፈዘዝ ያለ ቢሆን አደራደሩ ይቀላል። በአልጋ ላይ እንደ ዳማ ገበታ አንዱን ደማቅ አንዱን ፈዛዛ እያደረጉ 8 ወደ ጎን፣ 10 ወደ ታች መደርደር ነው። ራቅ ብሎ ቆሞ መመልከትና አንድ ዓይነት ቀለም በአንድ ስፍራ የተከማቸ እንደሆነ ማቀያየር ያስፈልጋል። ሲያልቅ የየረድፉን ቁራጮች በተራ ደርቦ በክር ማሰርና ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በስፒል መያዝ ነው።

አገጣጠም

ሁለቱን ቁራጮች ፊት ለፊት አግጥሞ በስፒል ይዞ፣ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ በተሰመረው መስመር ላይ መስፋት ነው። መርፌው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ወጣ ገባ እያለ ይሄዳል፤ በየአራት አምስት ስፌቱም አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሰፋል። እንዲህ ከሆነ ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሁሉም አይተረተርም። ክሩ ከክንድ የበለጠ መርዘም የለበትም። እኔ ለማፍጠን ብዬ ከቁመቴ የረዘመ ክር አስገብቼ ስታገል አያቴ በበሩ አጠገብ ቆመው አዩኝ። «ረጅም ክር የሚወድ ሰው መርፌ መሰካት የሚታክተው ነው፤ ሲቋጠርበት ግን ሲፈታ ይውላል» አሉኝ። ከተቆጡ ወዲህ ስለ ሥራው ሳይጠየቁ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበረ።

የስፌቱ ስፋት በሁሉም ቦታ እኩል መሆኑ ከምንም በላይ ይፈለጋል። ይህን በሒሳብ ላስረዳ። አንድ ሰው በ1 ሴንቲ ሜትር ፈንታ በ1.2 ቢሰፋ፣ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ነገር ግን በአንድ መጋጠሚያ ከሁለቱም ቁራጮች ስለሚወሰድ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 8 ቁራጭ ባለው ረድፍ 7 መጋጠሚያ ስላለ ረድፉ በ28 ሚሊ ሜትር፣ ይኸውም ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። በእኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ሁለት ረድፎችን ማታ በደካማ መብራት ሳላሰምር ሰፋሁ፤ በማግሥቱ ከሌሎቹ ጋር ባስተያያቸው መጋጠሚያቸው አልገጥም አለ። እየሳብሁ ላገናኛቸው ብሞክር ጨርቁ ተኮማተረ። አያቴ አይተው «ፍቺው» አሉኝ። «ሰው አያውቀውም እኮ» ብላቸው «ድሪቶ የሚያሰኘው እርሱ ነው» ብለው መለሱልኝ። ፈታሁት።

እያንዳንዱ ረድፍ ካለቀ በኋላ የስፌቱ ትርፍ በካውያ ወደ አንድ ጎን ይተኛል። የመጀመሪያው ረድፍ ወደ ቀኝ ከተኛ ሁለተኛው ወደ ግራ ይተኛ፤ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ቀኝ። ረድፎቹ ሲገናኙ አንዱ ትርፍ ከሌላው ጎን ገጥሞ ይቀመጣል እንጂ አይወፍርም፤ የአራቱ ቁራጮች ጥግም በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል።

ሥራው ብዙ ለሚመስለው ሰው ሌላ ሒሳብ ልጨምር። አንድ ስፌት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ስለሚያደርግ 80 ቁራጭ አንድ ለመሆን 79 ስፌት ይበቃዋል፤ 70ው አጫጭር፣ 9ኙ ረጃጅም ናቸው። በቀን 5 ብቻ ቢሰፋ በ16 ቀን ያልቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከጥናት በኋላ በሚተርፍ ጊዜ ሊሠራ የሚችል ነው።

ሦስቱን ንጣፍ ማያያዝ

ለመካከሉ ምን እንደማደርግ ሳስብ ባዘቶ መረጥሁ። ባዘቶ ሞቃት ነው፤ ነገር ግን ሲታጠብ ስለሚጓጉል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ተጠጋግቶ መሰፋት አለበት፤ ይህም ለጀማሪ ከባድ ነው። ችግሬን ሲሰሙ አያቴ ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ ጋቢ አወጡ። «የባለቤቴ ነው። ላዩ አልቋል፤ ውስጥ ግን ይሠራል» አሉኝ። ያለቀውን ክፍል ትተን ከደህናው ቆረጥን። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ሙሉው ቢገባ ለእጅ መርፌ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሁለቱን ድርብ ብቻ ወሰድን። የተሸመነ ስለሆነ እንደ ባዘቶ አይጓጉልም፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቢሰፋ ይበቃዋል።

አነባበሩ እንዲህ ነው። ገበሩ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ በወለል ላይ ተወጥሮ ይነጠፋል፤ ጋቢው በላዩ ይዘረጋል፤ የተገጣጠመው ጨርቅ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ በመካከላቸው ይቀመጣል። ገበሩና ጋቢው በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ይተርፋሉ። ቀጥሎ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር እየሄዱ በረጃጅም ልል ስፌት ሦስቱን ለጊዜው ማያያዝ ነው። ከዳር ወደ መካከል የጀመረ ሰው ጭምድዱን ሁሉ መሀል ላይ ይሰበስበዋል።

ከዚያም ዋናው ስፌት ይሰፋል። ከየመጋጠሚያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በትናንሽ ስፌት መሄድ ነው። መርፌው ሦስቱንም ንጣፍ መብሳቱን በታች በኩል በጣት እየዳሰሱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለትልቅ ሰው የሚሠራ ከሆነ በየጥጉ በወፍራም ክር ቋጥሮ ማሰርም ይቻላል። ለሕፃን ግን ክሩን በአፉ ይስበዋልና ቋጠሮም ቁልፍም አይደረግም። ሲያልቅ ልሉ ስፌት ይነቀላል፤ ትርፉ ገበርና ጋቢም ከላዩ ጨርቅ ጋር እኩል ተደርጎ ይቆረጣል።

ጠርዙን መዝጋት

የጠርዙ ቅዳጅ ፊቱ ከብርድ ልብሱ ፊት ጋር ተገጥሞ፣ ከዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያውን ይሰፋል። ዙሪያው 368 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 4 ሜትሩ ለጥግና ለመቀጠያ ይተርፋል። ቀጥሎ ወደ ጀርባ ተገልብጦ፣ ጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በገበሩ ላይ በጥቃቅን ስፌት ይዘመዘማል። ጥጉ ላይ ጨርቁን እንደ ፖስታ ጫፍ አጥፎ መስፋት ነው። ይህን የጠርዝ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሠሩልኝ አያቴ ናቸው፤ የእኔ ስፌት ከእርሳቸው ጋር ሲተያይ የሚያሳፍር ስለ ነበረ ሳልከራከር መርፌውን ሰጠኋቸው።

አጠቃቀሙ

ሥራው ሲያልቅ በለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ በጥላ ስፍራ ተዘርግቶ ይደርቃል። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ እለምናለሁ። የጤና ባለሙያዎች ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሚተኛበት ስፍራ ብርድ ልብስና ሌላ ልል ልብስ እንዳይደረግ ይመክራሉ፤ ፊቱን ሊሸፍነውና ሊያፍነው ይችላልና። ስለዚህ ለሕፃን የተሠራው ነቅቶ ሲጫወት በትልቅ ሰው ዓይን ሥር ከታቹ ይነጠፍለት፤ ከፍ ሲል ይለብሰዋል።

መደምደሚያ

አክስቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ለአራስ ጥየቃ በሄድን ጊዜ ብርድ ልብሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እጄ ፈርቶ ነበር። ተፈትቶ በተዘረጋ ጊዜ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ጫፉን በጣታቸው ደባብሰው «ይህን ከየት ገዛችሁት?» ሲሉ ጠየቁ። እኔ መልስ ስፈልግ አያቴ ቀደሙኝ። «ድሪቶ ነው፤ የልጅ ልጄ የሠራችው» አሉ። ከዚያም ጀርባውን ገልብጠው ስፌቱን አሳዩአቸው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ከሣጥኑ ሥር ያለውን አሮጌ ልብስ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዘርግታችሁ ተመልከቱት። ካርቶን ቁረጡ፤ መስመር አስምሩ፤ የተጣመመውን ለመፍታት አትፈሩ። ወላጆቻችንም እኛ የማናውቀውን የመርፌ ብልሃት ያውቃሉና ጠይቋቸው። ምናልባት መጀመሪያ ይቆጡ ይሆናል፤ በኋላ ግን መርፌውን ከእጃችሁ ይወስዱታል።